አባዬ ግዛ ብሏል ያልሽኝ ሞተር

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ ዓባይነሽ፦

እንደምን ከርመሻል? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷን የክረምቱ መግቢያ እንዴት አደረጋት? ባለቤትሽ ዋለልኝ፣ ልጅሽ ትርሲት፣ ጎረቤቱ ሁሉ፣ ላሟም ሳትቀር ደኅና ናችሁ ወይ? እኔ ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልል። ወገቤም ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ተሽሎኝ ቀና ብዬ እሄዳለሁ። ስለ ሌላው ግን ደኅና ነኝ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም።

ስልክ እያለ ወረቀት መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በስልክማ ገና ድምፄን ስትሰሚ ታውቂብኛለሽ፤ እማዬም ከአጠገብሽ አትጠፋም። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ መኪና ማቆሚያው ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ሰርካለም ነገ ወደ አገር ስለምትገባ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

እነዚያን የሞተር ጉዞ ፊልሞች እንደምወድ ታውቂያለሽ። አባዬ በዚያች ቢጫ ሞተር ከኋላው አስቀምጦኝ፣ ከብት ሊከትብ ከቀበሌ ቀበሌ ሲያዞረኝ ያደግሁ ሰው ሌላ ምን ልውደድ? እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አብሮኝ የሚኖረው ኪራኮስ ኳስ ማየት ሲያምረው እኔ ሪሞቱን ይዤ ሁለት ፈረንጆች በረሃ ሲያቋርጡ አያለሁ። ይስቅብኛል። እውነቱን ነው፣ ሰዎቹ ያስቃሉ። ሞተራቸው የመኪና ዋጋ ታወጣለች። ስክሪን አላት፣ እጀታዋ እጅ ያሞቃል፣ ጎማዋ ነፋስ ሲጎድለው ራሷ ትናገራለች። አንዲት ቀጭን ሽቦ ስትበጠስባት ግን ሁለት የደረሱ ወንዶች መንገድ ዳር ተቀምጠው ለማልቀስ ትንሽ ነው የሚቀራቸው። ካሜራው ዞር ሲል ደግሞ መለዋወጫ የጫነ መኪና ሲከተላቸው ታያለሽ። ብቻችንን ነን እያሉ ነው ይሄ ሁሉ።

ያየሁትን ለአባዬ እሑድ እሑድ በስልክ እተርክለት ነበር። ከሞተሯ ግራና ቀኝ ስለሚታሰሩት ትልልቅ የአሉሚኒየም ሣጥኖች ስነግረው፣ ሰዎቹ ጉዞ ነው የወጡት ወይስ ቤት ለቀው ነው ብሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ያንን ሳቅ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ካለፈው ነሐሴ ወዲህ ግን አባዬ ጆሮው ከብዶታል፣ ስልክ አይሰማም አልሽኝ። እኔ ያልኩትን አንቺ ለእሱ፣ እሱ ያለውን አንቺ ለእኔ ስታደርሺ ከረምሽ። አመንኩሽ። አባት ሲያረጅ ጆሮው ይደክማል፣ ምን ይገርማል?

በገና ሰሞን ውድብሪጅ የሚኖር አንድ ሰው ሞተሩን ሊሸጥ አወጣ። ያገለገለች ናት፣ ግን ፊልሙ ላይ የማያት ዓይነት ናት። ልግዛ አልግዛ እያልኩ ስብሰለሰል አባዬን ጠይቂልኝ አልኩሽ። በማግስቱ ደውለሽ፣ ግዛ ብሏል፣ ሄልሜት ሳታደርግ እንዳትነሳ ብሏል፣ መንገድህን ይጥረገው ብሎ መርቆሃል አልሽኝ። በዚያ ቃል ገዛኋት። ቅብጥብጥ ናት። በየጊዜው አንድ ቀይ መብራት ታበራለች፤ መብራቱን ለማጥፋት እንኳ ኮምፒውተር ካለው ጋራዥ ቀጠሮ መያዝ አለብኝ። አባዬ በፒንሳና በሽቦ የሚጨርሰውን ሥራ እዚህ ሳምንት ይጠብቁልሻል። ቢሆንም መንገድ ስወጣ አባቴ ፈቅዶልኛል እያልኩ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምነዳት።

ባለፈው እሑድ እነዚያ ፈረንጆች ኢትዮጵያ የገቡበት ክፍል ወጣ። ከቡታጅራ ወደ ሆሳዕና ሲወርዱ፣ አስፋልቱ ሰልችቷቸው ወደ እኛ የሚያስገባውን ጭቃ መንገድ ያዙ። ደስታዬን አልቻልኩትም። ኪራኮስን ጎትቼ አስቀምጬ፣ ያ ወፍጮ ቤቱ ነው፣ ያ ትምህርት ቤታችን ነው እያልኩ በጣቴ አሳየው ጀመር። ወንዙን ሲሻገሩ የአንደኛው ሞተር ውሃ ገባትና ዝም አለች። ስክሪኗ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። የአገሬው ሰው ተረባርቦ ገፋላቸው። ወዲያው ዝናብ ወረደ። መኪናቸው እስኪደርስ መጠለያ ለመኑና ወደ አንድ ግቢ ገቡ። በሩ የእኛ በር ነበር።

እማዬ ጥቁር ለብሳ ወጣች። ነጠላዋም ጥቁር ነው። አንቺ ከኋላዋ በርጩማ ይዘሽ፣ አንቺም ጥቁር ለብሰሽ፣ ያ ሁሉ ፀጉርሽ ተቆርጦ። ዋለልኝ በጎን አለፈ። ትርሲት ለካሜራው እጇን አወዛወዘች። ዓይኔ አባዬን ይፈልጋል። እንዲህ ያለች ሞተር ግቢው ገብታ አባዬ ሳይወጣ ይቀራል? ካሜራው ወደ ጓሮ ዞረ። ጡረታ ሲወጣ ከመሥሪያ ቤቱ በጨረታ የገዛት ቢጫዋ ሞተር ከጣራው ሥር ቆማለች፤ ጎማዋ ተኝቷል፣ ወንበሯ ላይ ዶሮ ሰፍሯል። አባዬ እያለ ዶሮ እዚያች ሞተር ላይ ሊሰፍር! ፈረንጁ ደግሞ ለካሜራው፣ የዚህ አገር ሴቶች ደጎች ናቸው፣ ግን ዓይን አፋር ስለሆኑ አይስቁም ይላል።

ኪራኮስን፣ ማን ነው የሞተብኝ አልኩት። ተነስቶ ኪችን ገባና ቧንቧውን ከፍቶ ቆመ። የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም። እሱም ያውቅ ኖሯል። በማግስቱ የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ዓብዩ ኮል አደረጉልኝና፣ ቅዳሜ ኦፍ ነህ ወይ፣ ከሰዎች ጋር ጎራ ልንል ነውና በጠዋት እቤት ጠብቀን አሉኝ። ሽማግሌ ሰብሰብ ብሎ በጠዋት የሚመጣው ለምን እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን።

ለምን እንደደበቃችሁኝ አላጣሁትም። ያኔ ለኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞልኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀቴ ኢንተርቪው ደረሰ። ብቻውን ነው፣ የሚይዘው ሰው የለውም፣ ትንሽ ይቆይ ብላችኋል። እዚህም ሰው ለሰው እንዲህ ሲያቆይ አይቻለሁ፤ ክፋት የለበትም። እናንተም ሐዘናችሁን ዋጥ አድርጋችሁ ስልክ ላይ ስትስቁልኝ ከርማችኋል።

ግን እትዬ፣ ተናድጄብሻለሁ። ፈረንጆቹ እናንተ ጋ የደረሱት በመስከረም ነው፤ ራሳቸው ተናግረዋል፣ መንገዱም ዳርና ዳር አደይ ለብሷል። አንቺ ግዛ ብሏል ያልሽኝ በገና ነው። ታዲያ ማን ነው የመረቀኝ? ለፋሲካ፣ በርታ በለው አለ አልሽኝ። ጉንፋን ሲይዘኝ ዝንጅብል ያፍላ አለ አልሽኝ። ሁሉንም እንደ እሱ አድርገሽ ነው የተናገርሽው፤ ሳሉ ብቻ ነበር የቀረሽ። አሁን ተቀምጬ ይሄ የእሱ ነው፣ ይሄ የእሷ ነው እያልኩ ልለይ ብሞክር አልችልም። አባቴን ከሞተ በኋላ ሳናግረው ከርሜ፣ ከመሞቱ በፊት ምን እንዳለኝ ጠፋብኝ።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። የመጨረሻዋን የራሱን ቃል ጻፊልኝ። ታሞ ነበር ወይስ በድንገት ነው? ስሜን ጠርቷል? ያለው ነገር ካለ፣ ክፉም ቢሆን፣ ሳታሳምሪ እንዳለ ንገሪኝ። ስለ እኔ ምንም ካላለም ምንም አላለም በይኝ፣ እችለዋለሁ። ከእንግዲህ በእሱ ስም አንድ ቃል እንዳትጨምሪብኝ። ሞተሯን ሸራ አልብሼ አቁሜያታለሁ። ልሸጣትም አልደፍርም፣ ልነዳትም እግሬ እንቢ ብሎኛል።

ቅዳሜ ጋሽ ዓብዩ ሲመጡ እንዳልሰማ ሆኜ በሩን እከፍታለሁ። ትልቅ ሰው ሥራ ትቶ መጥቶ እንዲያፍር አልፈልግም። ደግሞም እስካሁን አላለቀስኩም። ብቻዬን ጀምሬው አልወጣ አለኝ፤ ሰው ሲከበኝ ይወጣልኝ ይሆናል።

ዋለልኝን፣ ልጅ ባልነበረበት እንደ ልጅ ሆኖ ቀባሪ ስለሆነልን ውለታው አለብኝ በይልኝ። ትርሲትን ጉንጯን ሳሚልኝ። አፈር ላለበሱት፣ ድንኳን ለተከሉት ጎረቤቶች ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ መርዶዬንም በወጉ፣ ሽማግሌ ነግሮት፣ ሰው ከቦት ነው የሰማ በያት እንጂ የፊልሙን ነገር እንዳታነሺባት። አንቺ ደግሞ የአባዬን መልእክት ለእኔ ስታደርሺ ከርመሻልና አሁን የእኔን ለእሱ አድርሺልኝ። ካሳረፋችሁት ቦታ ሂጂና፣ ልጅህ ሰምቷል በይው።

ወንድምሽ ክፍሌ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.