የይምሰል ስግደት

ረመዳን 6
ጩጬዋ ልጄ ዛሬም አምስቱንም ሶላት ሰገደች። ስምንት ዓመት እንኳን ሳይሞላት! ፆሙ እስከ ቀትር ይበቃሻል ብላት አሻፈረኝ... እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደረሰች። ከጎኔ ካልሆነ ግን አትሰግድም። ሳጎነብስ ታጎነብሳለች፣ ስነሳ ትነሳለች። የደንበኞች ቀሚስ ስፌት ማሽኑ ላይ ተከምሯል። ይከመር።

ረመዳን 9
የወር አበባዬ መጣ። ፆምም ሶላትም የለም። ለእኔማ የተፈቀደ ነው። እሷን ግን ምን ልበላት? «እማ፣ ነይ እንስገድ» ብላ መስገጃዬን ዘርግታ ጠበቀችኝ። አብሬያት ቆምኩ። የሶላቱን መክፈቻ ፋቲሃን እንኳን አልቀራሁም፣ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ረመዳን 10
ለእህቴ በስልክ ነገርኳት። በሳቅ ልትሞት! «እናታችንስ እንዲሁ ስትሸውደን አልነበር? ዝም በያት፣ ስታድግ ይገባታል።» እሺ... ዝም።

ረመዳን 12
የፈሩት ይደርሳል። ከማሽኑ ጀርባ ዳቦ እየጎረስኩ ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች። መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። ወጥ ቤት ገብታ ውሃ ቀድታ ጠጣች። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር።

ረመዳን 13
«ሰገድሽ?»
«አዎ።»
መስገጃዋ ከትናንት ጀምሮ እንደታጠፈ ነው። በየትኛው አፌ ልቆጣት? በገዛ እጄ አበላሸኋት።

ረመዳን 14
ነገርኳት። እየተንተባተብኩ፣ ሁሉንም... ሴት ልጅ ስታድግ በየወሩ ደም እንደምታይ፣ ያን ጊዜ እንደማትፆም፣ እንደማትሰግድ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ገባት አልኩ።
«ካልተፈቀደ ታዲያ ለምን ሰገድሽ?»
«አንቺ እንዳታቋርጪ ብዬ ነዋ፣ የኔ እናት።»
«እና ያን ሁሉ ቀን ብቻዬን ነበር የምሰግደው?»
እሷ ዓይኗ ደረቅ ነው፣ የማለቅሰው እኔ።

ረመዳን 16
ትናንት ማታ ደሙ ቆመ፣ ታጥቤ ነጻሁ። ዛሬ ለቀትሩ ሶላት፣ ለዝሁር፣ የሁለታችንንም መስገጃ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። መጣች። ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ።
«የዛሬው የእውነት ነው?»
«ወላሂ፣ የእውነት ነው።»
ከዚያ መስገጃዋን ጠቅልላ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች።
ብቻዬን ሰገድኩ። እሷ ትስገድ አትስገድ አላውቅም። ስትወጣ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ... ተውኩት። አዎ ብትለኝስ በምን አምናታለሁ?