በ«መቶኛው መንደር» በር ላይ ስለቀረችው ዶክተር

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ይልቃል
የቀርከሃ ድምፅ ሬዲዮ ጣቢያ የድራማና መዝናኛ ክፍል ኃላፊ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የአሶሳ ሙቀት እንዳይከብድዎ፣ ወባዋም እንግዳ መሆንዎን አይታ እንድትምርዎ፣ የተቀመጡባት ወንበርም ወገብዎን እንዳታሳምምዎ እኔና የመንደራችን አድማጮች ዘወትር እንጸልያለን። እኛ ተመስገን ነው። ዝናቡ በጊዜው ጀምሯል፣ በቆሎውም ተዘርቷል፤ ከጣቢያዎ በኩል ከመጣብን በስተቀር ዘንድሮ የደረሰብን ጉዳት የለም።

አበጀ እባላለሁ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው አሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት አንዱ ነኝ። ያኔ ለመንደሮቻችን ስም የሚያወጣ ጊዜ ያለው ሰው ስላልተገኘ ቁጥር ተሰጠን፤ ዛሬም ልጆቻችን የት ተወለዳችሁ ሲባሉ ቁጥር ይናገራሉ። አሁን ክልል ሆነናል፤ የራሳችን ሬዲዮም አግኝተናል። እኔም ገበያው ዳር ባለችኝ ሱቅ የባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ። ስለዚህ ይህ ሰው የሚጮኸው የረቡዕ ድራማችሁ ሲዘጋ ገበያው ስለሚቀዘቅዝበት ነው ብለው ቢጠረጥሩኝ አልቀየምዎትም፤ ግማሹ እውነት ነው።

ድራማው የተጀመረው እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ስለሆነ፣ ከእርስዎ በፊት የነበሩትም ኃላፊ እርሳቸው ሳይመጡ የተጀመረ ነው ይሉ ስለነበር፣ ታሪኩን ባጭሩ ባስታውስዎ ድፍረት አይሁንብኝ። የመጀመሪያው ደራሲ መምህር ኪዳኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ። ምድር ደርቃ፣ ሰው በሰማይ መርከብ ተጭኖ ወደ ሌላ ኮከብ ሲሰፍር የሚያሳይ ተከታታይ ድራማ ጻፉ፤ መርከቧንም «መቶኛው መንደር» አሏት። የመጀመሪያውን ክፍል ስንሰማ እኛ ሰፋሪዎች በሳቅ ፈረስን። በቁጥር የሚጠራ መንደር፣ ወዴት እንደሚሄድ ያልተነገረው ተሳፋሪ፣ ስትደርሱ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶላችኋል የሚል ኃላፊ! የሳይንስ ልብ ወለድ ነው ያሉት እርሳቸው ናቸው፤ እኛማ ገና በመግቢያው ሙዚቃ ነው ራሳችንን ያወቅነው።

ሳቁ ሲበርድ ረቡዕ አመሻሽ ማህጁብ ሻይ ቤት መሰብሰብ ልማድ ሆነ። ማህጁብ ከአገሬው ከበርታ ሰው ነው፤ ሬዲዮኑ የእሱ፣ ድንጋዩ የእኔ። እኛ ከመጣን ጀምሮ በመሬት ነገር ተኳርፈን የኖርን ሰዎች፣ የመርከቧ ካፒቴን ልክ ነው አይደለም እያልን ስንከራከር አንድ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ጀመርን። ለዚህ ጣቢያዎን ከልቤ አመሰግናለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ተንኮል የሌለበት ምስጋና ይኸው አንድ ብቻ ስለሆነ በደንብ ይያዙልኝ።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ካፒቴኑ። ካፒቴን ምንያህል ሲጀምር ድምፁ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነበር። ድምፁን ያዋሱት የባንክ ሠራተኛ ዕድገት አግኝተው ሲሄዱ፣ በሳምንቱ ካፒቴኑ ቀጭን ድምፅ ይዞ ብቅ አለና የህዋው ብርድ ጉሮሮዬን ያዘኝ አለን። ተቀበልን፤ ሰው ይታመማል። ክረምት ገብቶ የመንግሥት ሠራተኛ ዝውውር ሲወጣ ደግሞ ካፒቴኑ በአንድ ጊዜ ጎጃሜ ሆነ። ብርድ ሰውን ጎጃሜ እንደሚያደርግ አናውቅም ነበርና ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን። በቀጣዩ ክረምት ሐረር ገባ፤ አሁን ከወለጋ እንደመጣ እንገምታለን። ሚስቱ ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን ይህ ሰው ማነው ብላ አልጠየቀችም። እንዲህ ያለ ቻይ ትዳር በምድር ስለሌለ ወደ ሰማይ መላኩ አግባብ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ መርከቧ አእምሮ። «ሕብረት» የምትባለው ማሽን ሁሉን የምታውቅ፣ ምንም የማትረሳ ናት ተብሎ ተነግሮን ነበር። ድምፅዋ የጣቢያው ታይፒስት ነበረች። ታይፒስቷ ወሊድ ስትወጣ ማሽኗም አብራ ወጣች መሰለኝ፣ በሌላ ድምፅ ተመልሳ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ካፒቴኑን ወዴት ነው የምንሄደው ብላ መጠየቅ ነው። ካፒቴኑም አዲስ ስለነበር አላወቀም። ከዚያን ዕለት ወዲህ መርከቧ ዝም ብላ ትሄዳለች፤ እኛም ይህን ያህል እውነተኛ ድራማ ስላቀረባችሁልን ባርኔጣችንን አንስተናል።

ሦስተኛው ስለ ደራሲዎቹ ነው፤ ወንበር ይሳቡ፣ ይረዝማል።

መምህር ኪዳኔ በጻፉት የመጨረሻ ክፍል የመርከቧ አንቴና ተሰበረ። አንቴናው ካልተጠገነ ምድር ላይ ከቀሩት ዘመዶች ጋር መነጋገር አይቻልም። የመርከቧ ሐኪም ዶክተር እስከዳር፣ እኔ ቀላል ነኝ ብላ ወገቧን በገመድ ታስራ ለመጠገን ወደ ውጭ ወጣች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ሙዚቃ ገባ። በዚያው ሳምንት የመምህር ኪዳኔ ዝውውር ደረሰ። ዶክተሯን ሆና የምትጫወተው አሰለፈችም ለካ እጮኛቸው ኖራለች፣ ተከትላቸው ሄደች። ትዳራቸውን ይባርክ፤ እኛ ግን በሚቀጥለው ረቡዕ ሬዲዮ ስንከፍት አዲሱ ደራሲ አቶ ያብስራ ስለ ኮምፖስት ዝግጅት ጀምረው አገኘናቸው።

አቶ ያብስራ የግብርና ባለሙያ ነበሩ። መርከቧ ውስጥ ሰሊጥ በመስመር አዘሩ፤ ተምችም ከየትኛው ኮከብ እንደመጣ እንጃ፣ መጣ። አንቴናው እንደተሰበረ ቢሆንም ተሳፋሪዎቹ የአሶሳን የእህል ዋጋ በየሳምንቱ ይሰሙ ነበር። ቀጥለው የመጡት ደራሲ ከፍትሕ በኩል ነበሩና ካፒቴኑን ለሦስት ወር ገመገሙት። ሦስት ዓይን ያላቸው የሌላ ዓለም ፍጡራን መርከቧን ሊወሩ መጥተው ስብሰባው ላይ ተቀመጡ፤ በማግስቱም ግለ ሒስ አውርደው ተመለሱ። ከእርሳቸው በኋላ ከዩኒቨርሲቲ በቲያትር የተመረቀው ወጣት መጣ። ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ ያሰኘን እሱ ነው። ህዋው የሰው ልብ ባዶነት ምሳሌ ነው ብሎ በሬዲዮ አብራራ፤ መርከቧ ውስጥ በሽታ ሲነሳም አዲስ ዶክተር አስገባ። አዲስ ዶክተር! እስከዳር በገመድ ተንጠልጥላ ሳለ መደቧ ክፍት ነው ተብሎ ሰው ተቀጠረበት።

ክቡር ሆይ፣ ሰው ሁሉ የረሳት እንዳይመስልዎ። ማህጁብ በየረቡዑ ድራማው ሊጀምር ሲል ሻይ መቅዳቱን ያቆምና አንዲት ነገር ይጠይቃል፦ «ዶክተሩ ውጪ ነው። ወላሂ፣ በር ማን ይከፍታል?» ሙዚቃው ሲያልቅ ወደ ሻዩ ይመለሳል።

ዘንድሮ ደግሞ መልስ የመሰለ ነገር መጣ። የአንድ ትልቅ ስብሰባ ንግግር በጣቢያዎ ተላለፈ። ካሴት ስላጠራችሁ የስብሰባውን ድምፅ የቀዳችሁት በድሮው የድራማ ካሴት ላይ ነው። ንግግሩ አለቀ፣ ጭብጨባው አለቀ፣ ካሴቱ ግን አላለቀም ነበርና ጨርሶ ያልጠፋው የድሮው ድምፅ ከሥሩ ወጣ። የአሰለፈች ድምፅ ነው። መምህር ኪዳኔ ለካ ከመሄዳቸው በፊት የሚቀጥለውን ክፍል ቀድተውላችሁ ኖሯል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለን ሁሉ ሰማናት።

«ጨርሻለሁ። አንቴናው ተሠርቷል። ሳቡኝ።»

ወዲያው ድምፁ ተቆረጠና አስተዋዋቂው በተፈጠረው የቴክኒክ ችግር አድማጮችን ይቅርታ ጠየቀ። ስለ ሰሊጡ፣ ስለ ግምገማው፣ ስለ ባዶው ልብ አንድም ቀን ይቅርታ ያልጠየቀ ጣቢያ፣ ዓመቱን ሙሉ ከተናገረው ሁሉ ትክክለኛ በሆነችው ቃል ይቅርታ ጠየቀ። ለትሕትናችሁ ምስጋናችን ወደር የለውም።

አራተኛ፣ ስለ ወለተሥላሴ።

እዚህ ላይ ላግጬ አልጽፍም፤ አልችልምም። ወለተሥላሴ ጎረቤቴ ናት፤ ከእኛ ጋር በአንድ አውቶቡስ የመጣች። ወሎ መጠለያው ውስጥ ተራችን ደርሶ ስንጫን ልጇ ሕብስት ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። ወለተሥላሴ ልጄ ውጭ ናት ብላ ብትጮህ አሳፋሪው በሚቀጥለው መኪና ትመጣለች፣ እኔ እልካታለሁ አላት። የምነግርዎ በአጠገቤ የሆነውን ነው። በሩ ተዘጋ። አሶሳ ደርሰን በሚቀጥለው መኪና ስትጠበቅ የለችም፤ በሚቀጥለውም የለችም። ወለተሥላሴ ያን አሳፋሪ አስፈልጋ ስታጣ ተቀይሯል አሏት፤ የተተካው ሰው ደግሞ ስለ ልጅ የነገረኝ የለም አላት። ከዚያ ወዲህ ቢሮ በተለወጠ ቁጥር፣ መንግሥትም በተለወጠ ጊዜ፣ አዲስ ሹም መጣ ሲባል ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች። ሁሉም በደግነት ከመጀመሪያው ጀምረው ይሰሟታል። ሰምተው ሳይጨርሱ ይዛወራሉ። ልጅቷ እስካሁን አልተገኘችም፤ እኔ ትገኛለች ብዬ ማሰብ ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ይህንን ለእሷ አልነግራትም።

ያን ዕለት ከሬዲዮኑ «ሳቡኝ» የሚለው ሲወጣ ወለተሥላሴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቆመች። በማግስቱም ቤቴ መጥታ ነገ አሶሳ እንሄዳለን አለችኝ።

እሷ፣ ማህጁብና እኔ በጭነት መኪና አሶሳ ገብተን ጣቢያዎ በር ላይ ስንቆም የተቀበሉን በቅርቡ የተመደቡት ደራሲ ናቸው። ትሑት ሰው ናቸው፤ ወንበር አስመጥተውልናል። አቤቱታችንን ሰምተው ሲያበቁ ዶክተር እስከዳር ማን ናት አሉን። ስንነግራቸው በእውነት አዘኑ፤ ግን የሚችሉት ነገር እንደሌለ ገለጹልን። ምክንያቱም መርከቧ የበጀት ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት እንድትደርስ በዕቅድ ተይዟል፤ የሰኔ የመጨረሻው ረቡዕ ታርፋለች፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ባህላዊ ጭፈራ ይኖራል፣ ድራማውም በዚሁ ይጠናቀቃል። ያን ያህል ዘመን መንገዱን ያላወቀች መርከብ የበጀት መዝጊያን ግን አልሳተችም።

ይህን ሲሰማ ማህጁብ ተነሣ። መምህር ኪዳኔ ገና በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ከሰማይ በፍጥነት የሚወርድ ነገር በአየሩ ፍትጊያ እንደሚነድ አስተምረውናል። እርስዎ አልነበሩም፤ እኛ ግን ነበርን። «መርከብ ሲወርድ እሳት ይሆናል» አላቸው። «ውስጥ ያለ ሰው ይተርፋል። ውጪ ያለ ይቃጠላል። እናንተ ጭፈራ ታደርጋለህ?»

ደራሲው ድራማ እኮ ነው አባቴ አሉት። መልስ የሰጠቻቸው ወለተሥላሴ ናት፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እኔ ሰው ውጭ ቀርቶ በር ሲዘጋ አንዴ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ አታሳዩኝ።»

እንግዲህ ልመናችን ይህ ነው። ከማረፊያው በፊት ባለው ረቡዕ በሩ ይከፈት። ገመዱ ይሳብ። አሰለፈች የለችም ብለው እንዳይቸገሩ፤ የፈለጉትን ሰው ድምፅ ይስጧት። ጎጃሜም ትሁን፣ ሐረሬም ትሁን፣ ጉንፋንም ይያዛት፤ ካፒቴኑን ስንቀበል የኖርን ሰዎች እሷን ማነሽ አንላትም። የበር ድምፅ ከሌላችሁ የሱቄ ቆርቆሮ በር ሲከፈት እስከ ገበያው ማዶ ይሰማል፤ ነቅዬ አመጣዋለሁ። ደራሲው የሚጽፉት ካጡ ደግሞ አንዲት ቃል ትበቃናለች፤ በሩ ተከፍቶ አንድ ሰው «ግቢ» ይበላት። ወለተሥላሴ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ እኔም ከዚያ በላይ የምመኝላት የለኝም።

የሥራ ጫናዎን፣ የስብሰባዎን ብዛትና የዕቅድዎን ስፋት እያሰብኩ፣ ይህን ያህል ጊዜዎን በመውሰዴ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየለመንኩ፣ ሹመትዎ እንዲያምር፣ ክፍልዎም ከመጣው ሁሉ ጋር እንዲሰነብት እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

ከማይዛወሩት አድማጮችዎ አንዱ፣
አበጀ፣ የባትሪ ድንጋይ ሻጭ

ግልባጭ፦
ለማህጁብ ሻይ ቤት፣ ግድግዳው ላይ እንዲለጠፍ
ለወለተሥላሴ፣ እንዲነበብላት
ለካፒቴን ምንያህል፣ ዘንድሮ ማንም ይሁኑ

የተረሳ፦ እርስዎም በመጪው ክረምት ዝውውር ጠይቀዋል የሚል ወሬ ገበያ ውስጥ ሰምቻለሁ፤ ያሰቡት ይሳካልዎ። ቢሮዎን ሲያስረክቡ ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ የቴፑን ቁልፍና የተሰበረውን ማራገቢያ ሳይቀር አስቆጥረው እንደሚያስፈርሙ አልጠራጠርም። ፊርማው ካለቀ በኋላ ትንሽ ጊዜ ቢተርፍዎ፣ ለተተካዎ ሰው ውጭ ሰው እንዳለ ይንገሩልን።