ቀዩን ተጫን ያልኩት እኔ ነኝ

ሰኞ

ታብሌቱ ጣቴን አልቀበል አለ። ሠላሳ ዓመት ዶማ የያዘ ጣት ነው። መስታወቱን ብነካው፣ ብደግመው፣ በምራቄ ባርሰው፣ ታብሌቱ ዝም። ለሥልጠና መርሳ ከተማ የመጣነው የዘር እርሻው ሠራተኞች ሰባት ነን፤ ሁላችንም ከሃምሳ በላይ። እስከ ዛሬ የማሽላውን ቁመት ለክተን በደብተር ነበር የምንጽፈው። ከእንግዲህ በዚህ ነው። ዓርብ ፈተና አለ። የወደቀ ግራና ከተማ ወዳለው መጋዘን ለሌሊት ጥበቃ ይሄዳል ተብሏል።

አሠልጣኟ ሐያት የልጄ እኩያ ናት። "ገባዎት አጎቴ?" አለችኝ። እርሻው ላይ ሁሉም አጎቴ ነው የሚለኝ።

"እኔስ ደህና ነኝ፤ ማይሙ ጣቴ ነው" አልኳት። ተሳቀ። እሷም ስቃ ወደ ቀጣዩ አለፈች።

ምንም አልገባኝም።

ማክሰኞ

እስካሁን የቻልኩት፦ ማብራት። ማጥፋት። ሳልፈልግ የራሴን አፍንጫ ፎቶ ማንሳት።

ፊደልን ከዱቄት ከረጢትና ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ብቻዬን የለየሁ ሰው ነኝ። ያኔ ግን ስሳሳት የሚያየኝ አልነበረም። እዚህ ስድስት ሰው ያየኛል። ስለዚህ ቀድሜ አስቃቸዋለሁ።

ረቡዕ

ምን ነካኝ።

ለልምምድ ማሳ ወጥተን ነበር። እንድሪስ፣ የሃያ ዓመት የሥራ ጓደኛዬ፣ የጠዋቱን ልኬት በሙሉ አስገብቶ ጨረሰ። ከእኔ በብዙ ይሻላል። መጨረሻ ላይ አንድ አረንጓዴና አንድ ቀይ ምልክት መጣ። "አንተ፣ የቱን ነው?" አለኝ። አላውቅም። አላውቅም ማለት ግን አቃተኝ። "ቀዩን ተጫን፤ ማሽላ ሲደርስ ይቀላ የለ" አልኩት። ሳቀና ተጫነው። የጠዋቱ ሥራ ድራሹ ጠፋ።

ሐያት መጣች። እንድሪስ አንዴ ብቻ አየኝ። "እጄ ስቶ ነው" አላት። ስሙ አጠገብ "አልቻሉም" ብላ ጻፈች፤ ልምምዱን ያላሟላ እንደ ወደቀ ይቆጠራል።

ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሌሊት ቆሞ ሊጠብቅ ነው። እኔ ጎንበስ ብዬ ታብሌቴን ጠረግሁ።

ሐሙስ

ቆርጬ ገባሁ። ተነሥቼ "እንድሪስን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ምንም አላውቅም" አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሐያት "አጎቴ ደግሞ ጀመሩ" አለች። "አልቀለድኩም" ስል ባሰባቸው። ያልሳቀው እንድሪስ ብቻ ነው። በሻይ ሰዓት ከሌላ ሰው ጋር ተቀመጠ።

ዕድሜ ልኬን ሳስቅ ኖሬ እውነት ስናገር የሚያምነኝ ጠፋ። ነገ ፈተና ነው። ምን ላድርግ?

ዓርብ

ከወንዙ ዳር ድንጋይ መረጥኩ። ትንሽ ከሆነ ቀልድ ይመስላል ብዬ ከበድ ያለውን። ማጅራቴ ላይ ተሸክሜ በአስፋልቱ ሄድኩ። ባጃጆቹ ክላክስ አደረጉብኝ።

ስገባ ሳቁ። እንድሪስ ፊት ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። አላወረድኩም። ሳቁ ቀስ እያለ ሞተ። ለይቅርታ ድንጋይ ተሸክሞ የሚቀልድ የለም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

"ቀዩን ተጫን ያልኩት እኔ ነኝ። አለማወቄ እንዳይታወቅ ብዬ ነው።"

ማጅራቴ ተቃጠለ። በኋላ እንድሪስ ተነሥቶ ድንጋዩን በሁለት እጁ አወረደው። "አውፍ ብያለሁ፤ ይቅር ብዬሃለሁ" አለ። ቀጥሎ በጆሮዬ፣ "አነስ ያለ አታመጣም ነበር? ጉልበቴን እያወቅህ።"

ሐያት የእሱን "አልቻሉም" ሰረዘች፤ በእኔ ስም አጠገብ ጻፈችው። ሌሎቹ ተፈተኑ። ለኃላፊያችን ደውላ ብዙ ተከራክራ ለእኔና ልኬቱ ለጠፋበት ለእንድሪስ እስከ ሰኞ ጊዜ አስገኘችልን። አንድ ታብሌትም አዋሰችን።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ማሽላው ዳር ተቀመጥን። እንድሪስ አንዱን ምልክት እያሳየ፣ "ይሄስ?" አለኝ።

"አላውቅም።"

እንደ ረቡዕ ዕለቱ አልከበደኝም። ታብሌቱ ግን አሁንም ጣቴን አልቀበል እንዳለ ነው። ሰኞ ደግሞ ቅርብ ነው።