አሥራ አንደኛው ምንባብ

ሰመራ፣ ረቡዕ ግንቦት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሀምዳ አባት፣ ለሱሩር፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ? ስለ አዋሽ ሙቀት አልጠይቅህም፤ እዚህ ያለውን ብታየው አንተ ብርድ ላይ ነህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሀምዳም ትናንት ከጅማ ደውላ ነበር፤ ፈተና ላይ ናት። «እማ፣ እናትና ልጅ በአንድ ሳምንት ልንፈተን ነው» ብላ ስትስቅብኝ አመሸች።

መልእክትህን ሹፌሩ ደሴ አድርሶኛል። ቃል በቃል ነው የነገረኝ፤ ሲነግረኝ ግን ዓይኔን አላየም፣ የመኪናውን ጎማ ሲያይ ነበር። «ከጅቡቲ ጠቅልዬ አዋሽ ቤቴ ገብቻለሁ። እስከ አረፋ ትምጣ። ካልመጣች ፍቺውን እልክላታለሁ። ቁርጡን ይዘህልኝ ና» ብለሃል። ስልክ ያላነሳሁት ንቄህ አይደለም። አንተ ስትጮህብኝ እንኳን እንግሊዝኛው አማርኛውም ይጠፋኛል።

አሁን የምጽፍልህ ከእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። አንተ ጅቡቲ በቀረህ በዓመቱ የአዋሹን ቤት ቁልፍ ለጎረቤታችን ለቦጋለች ሰጥቼ መጣሁ፤ ይኸው ሦስት ዓመት የዚህን ቤት አንሶላ አጥባለሁ። አሁን የቤት አያያዝ ኃላፊ ይፈልጋሉ፤ እንግዶቹ ፈረንጆች ስለሆኑ እንግሊዝኛ ግድ ነው። ጠዋት ተፈትኛለሁ። ውጤቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነገራል። ደሴ ደግሞ ሳይመሽ ገዋኔ ልግባ ብሎ ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ መኪናውን በር ላይ አቁሞ እየጠበቀኝ ነው። ሰባት ተኩል ሆኗል። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረድብኝ።

ትምህርቱን ከዐስር ሶላት በኋላ ቀበሌው አዳራሽ መምህር ወልደ ኢየሱስ ናቸው የሚያስተምሩን። መጽሐፉ አጫጭር ምንባብ ነው፤ ሜሪ የምትባል ሴት አለች። ሜሪ ገበያ ትሄዳለች፣ ሜሪ ሐኪም ቤት ትሄዳለች፣ ሜሪ አውቶቡስ ትሳፈራለች። ምን የታደለች ሴት መሰለችህ፤ በሃያ ምንባብ ውስጥ አንድ ቀን ውሃ አልጠፋባትም! ከየምንባቡ ሥር ጥያቄ አለ። «መልሱ ሁሉ ምንባቡ ውስጥ ነው» ይላሉ መምህሩ።

እኔ ደግሞ የማውቀው አማማር አንድ ነው፤ ልጅ ሆኜ ባቲ ቁርአን የቀራሁበት። እየተወዛወዝኩ ሃያውንም በቃሌ ያዝኩት። መምህሩ «ሜሪ ስንት ልጆች አሏት?» ሲሉኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ እስከ መጨረሻው አወርድላቸዋለሁ።

«ወይዘሮ አሪፋ፣ እኔ የጠየቅኩዎት ስለ ልጆቿ ነው፤ እርስዎ ባሏንም ድመቷንም ጎረቤቷንም አመጡብኝ!»

«ምን ላድርግ መምህር፣ ከላይ ካልጀመርኩ ልጆቿ ጋ አልደርስም።»

ክፍሉ በሳቅ ሞተ።

ዛሬ የፈተነችኝ ከኬንያ የመጣች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴትዮ ናት። መጀመሪያ አንብቢ አለችኝ፤ እሱን እንደ ውሃ አወረድኩት። ከዚያ መጽሐፉን ዘጋችውና «አንቺ ቤት ማታ ማታ ምን ይደረጋል?» አለችኝ። በሆዴ ደስ አለኝ፤ አሥራ አንደኛው ምንባብ ነዋ! ባለቤቴ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤት ይገባል፣ በሩን እከፍትለታለሁ፣ አብረን ሻይ እንጠጣለን። መምህሩ በሜሪ ፈንታ «እኔ» እያላችሁ ልመዱ ስላሉን ሁለት ወር ሙሉ ስለው ነው የከረምኩት።

«ማይ ሀዝባንድ» አልኩና ቆምኩ።

የሀምዳ አባት፣ ማለፍ አቃተኝ። ከላይ ልጀምር ብዬ እንደገና «ማይ ሀዝባንድ» አልኩ፤ እንደገና እዚያው። ማራገቢያው ይዞራል፣ ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ታየኛለች። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ሥራው ሄደ፣ ከሰው ፊት ተዋረድኩ አልኩ። ከዚያ ከየት እንደመጣ ሳላውቀው፣ «ማይ ሀዝባንድ ዳዝ ኖት ካም» አልኳት።

ባሌ አይመጣም። ይህ መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ የራሴ ነው።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ከዚያስ?» አለችኝ ቀስ ብላ። ከዚያማ መጣልኝ። ቁልፍ አለኝ አልኳት። በሩን ራሴ እከፍታለሁ። ይደክመኛል። ሻይ አፈላለሁ። ሁለት ብርጭቆ አወጣለሁ፣ አንዱን መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ትክክል ልናገር፣ ልሳሳት አላውቅም። ሴትዮዋ ግን ብዙ ጻፈች። ማለፌን ይሁን መውደቄን ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም።

ይኸው ደሴ ጡሩምባውን ነፋ። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጮኻል።

«አሪፋ! አስቢበት እንጂ፤ ፈተናውን ከወደቅሽ እኮ ባልም ሥራም የለሽም!»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍለት?»

«እመጣለሁ በይው። ካለፍሽ ያኔ ትቀሪያለሽ!»

ሹፌር አይደል፣ መታጠፊያ አያጣም።

እኔ ግን አልዋሽህም። ውጤቱን ሰምቼ ብጽፍልህ ኖሮ የሚመልስልህ ሥራው ነበር። አሁን የምመልስልህ እኔ ነኝ። አዋሽ አልመለስም፣ ሱሩር። ባልፍም ብወድቅም፣ አንሶላ እያጠብኩም ቢሆን እዚህ ነኝ። ተናድጄ እንዳይመስልህ። ጅቡቲ የነበረህን ሌላ ትዳር ያወቅኩት ዛሬ አይደለም፤ ሁለት ዓመት አልፎኛል፣ ለሀምዳ እንኳን አልነገርኳትም። ፍቺውን ከላክህም እቀበላለሁ።

ደሴ ሁለተኛ ነፋ። አንድ ነገር ብቻ ልጻፍልህ፤ ይህን ደግሞ እኔ ነኝ ያወጣሁት።

«አሪፋ የምትኖረው ሰመራ ነው። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሥራ ትመለሳለች። በሩን ራሷ ትከፍታለች። ውሃ ካለ ትታጠባለች፤ ከሌለ ትስቃለች። ሻይ ታፈላለች። ከአዋሽ ወደ ሰመራ መኪና በየቀኑ አለ።

ጥያቄ። አሪፋ የት ትኖራለች? በሩን ማን ይከፍታል? ሱሩር ይመጣል ወይ?»

የመጨረሻው መልስ ምንባቡ ውስጥ የለም።

አላህ ወገብህን ይማርልህ፣ ከክፉ ነገር ይጠብቅህ። ቦጋለችን ሰላም በልልኝ። ጓሮ ያለችውን ሎሚ ውሃ አትንፈጋት፤ አንተ ስትሄድ ነው የተከልኳት።

የሀምዳ እናት፣
አሪፋ