የአምለሰት ሁለት ወር

ሰመራ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት አባቴ፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው? በኅዳር የአዋሽ ነፋስ እንደማይስማማዎት ስለማውቅ ስሰጋ ከረምኩ። እማዬም ጋቢዎን ጥለው መሄድዎ ይከነክናታል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጋሽ አብዱልአዚዝ መኪና ልካልዎታለች።

አምለሰትን ቀብረን እርስዎ ወደ አዋሽ ከሄዱ ሁለት ወር ሆነ። እማዬ ጠዋት ጠዋት ለእሷም ሻይ መቅዳቷን አልተወችም። ቀድታ ታየዋለች። ሲቀዘቅዝ እኔ እጠጣዋለሁ።

ስልክ ስደውል ስለ ትምህርቴ ይጠይቁኛል፣ «ጥሩ ነው» እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን። በስልክ ስላቃተኝ ነው የጻፍኩት።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ አብዱልአዚዝ ወደ ጅቡቲ ሲያልፉ ቤት ጎራ ብለው ነበር። የአዋሽ ጎረቤትዎ የጋሽ ቢያድግልኝ ልጅ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን እንዳቆመ ነገሩን። እርስዎ ባቡር ጣቢያው በር ላይ «ልጄን በጥናት ስም መሞከሪያ አድርገው ገደሉብኝ» ሲሉ አባቱ ሰምቶ አስቆመው አሉ። እማዬ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም፤ ነገሩ እንደዚያ አይደለም የሆነው አባባ።

አምና ሁለታችንም በሽታው ሲገኝብን ሲስተር ሰኢዳ ያስረዳችንን ያስታውሱ። ሆስፒታሉ ሁለት ሕክምና እያነጻጸረ ነበር፤ አንዱ የቆየው የስድስት ወር፣ ሌላው አዲስ የአራት ወር። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ሐኪሙም አይመርጥም፣ የታሸገ ፖስታ ይከፈታል። ለእኔ አራት፣ ለአምለሰት ስድስት ወጣ። «ሰነፍ መሆንህን አይተው አሳጠሩልህ» ብላ ሳቀችብኝ። የአራት ወሩ መድኃኒት ሌላ ዓይነት እንጂ ያነሰ እንዳልሆነ ሲስተር ደጋግማ ነግራናለች። እኛ ግን ወሩን እንደ ምግብ ድርሻ ቆጠርነው።

በጥር የእኔ አለቀ። ገና ሥጋ አልያዝኩም፣ ጠዋት ላይም ትንሽ ያስለኝ ነበር። ከሆስፒታል በባጃጅ ስንመለስ እርስዎ መሃላችን ተቀምጠው «ለሴቷ ስድስት፣ ለወንዱ አራት። አምለሰት፣ ወንድምሽን አደራ» አሉ። እንደ ቀልድ ነበር ያሉት፣ እኛም ሳቅን።

በማግስቱ አምለሰት ከአራቱ ኪኒኖቿ ሁለቱን እጄ ላይ አስቀመጠች።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ ወፍራም ነኝ። ዋጥ።»

ዋጥኩ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ፣ ሁለቱን ወር በሙሉ።

መድኃኒቷን ስትወስድ እያየሁ ካርዷ ላይ ምልክት እንዳደርግ ኃላፊነቱ የተሰጠው ለእኔ ነበር። አራቱንም እንደዋጠች አድርጌ ምልክት አደረግኩ። ባዶውን ማሸጊያ ስንመልስ ሲስተር ሰኢዳ ቆጥራ «ጎበዞች» ትለን ነበር። አምለሰት ስትወጣ በክርኗ ትነካኛለች።

በሰኔ ሳሏ ሲመለስባት ልናገር ተነስቼ ነበር። «አባባ ያዝናሉ» ብላ አስማለችኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎም አልጋዋ አጠገብ ሆነው አይተዋል፤ አልደግመውም።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሆስፒታል ሄጄ መሐላዬን አፈረስኩ። ሲስተር ሰኢዳ ካርዱን አውጥታ ፊቴ ዘረጋችው። የእኔው ምልክቶች ናቸው፣ አንድም ቀን አልተዘለለም።

«የመጨረሻው ሁለት ወር ሁሉ ግማሽ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

ለአምለሰት ሞት ምክንያቱ ይህ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ስማ ይታያል፣ ነው ልልህ አልችልም። አይደለም ልልህም አልችልም» አለችኝ። በጥናቱ መዝገብ ላይ አምለሰት ስድስቱን ወር በሙሉ ወስዳ እንደሞተች ነበር የተጻፈው። አሁን ይታረማል። ከዚያ የእኔን አክታ አስመረመረች። ንጹሕ ነው አባባ። ምንም የለብኝም። ከጻፍኩት ሁሉ ይህ ከበደኝ።

እባክዎ ይህን እንዳነበቡ ጋሽ ቢያድግልኝ ቤት ይሂዱ። ልጁን ነገ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፣ ያቋረጠበትን ቀን ሳይደብቁ ይንገሩ። ሰዎች ቢጠይቁዎት «ልጄ ይታያል የእህቱን መድኃኒት ተካፍሎ ነው» ይበሉ። ስሜን ይጥሩ፣ አልቀየምም። ልጁ ግን ይዋጥ፣ የራሱን፣ ሙሉውን።

የመካፈሉ ሐሳብ ከማን እንደመጣ ሲስተር ሰኢዳ ጠይቃኝ ነበር። ከሁለታችን ነው አልኳት። እርስዎ በባጃጁ ውስጥ የተናገሩትን አልነገርኳትም። ለእማዬም አልነግራትም።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ መንገድዎንም ወደ ቤት ያቅናልን። ጋቢውን ይልበሱት። የአምለሰትን ሻይ በየቀኑ ለብቻዬ መጠጣት አልቻልኩም፤ መጥተው አንድ ቀን እርስዎ ይጠጡልኝ።

ልጅዎ
ይታያል ጣሰው