የጥሎሽ ከብት ምስክሮች

ለውድ ልጄ ለኬምባ፣

ከቡንጎማ የተነሣው ሰላምታዬ ሞምባሳ ድረስ በጤና ያግኝህ። እናትህ ደህና ናት፤ በቆሎውም ዘንድሮ አምሮበታል።

በግማሽ ደመወዝ የመንግሥት ሥራ ልያዝ ወይስ በግሉ የመርከብ ድርጅት ልቆይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ሠላሳ አራት ዓመት የአውራጃ አስተዳዳሪ ሆኜ ሳገለግል፣ ደመወዙ ቢያንስም ጡረታው ያስከብራል እያልኩ ወጣቶችን እመክር ነበር። አጎትህ ሲሚዩ ይሠራበት ከነበረው የግል ፋብሪካ በአንድ ቀን ማስጠንቀቂያ ሲባረርም በልቤ ታብዬበት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጡረታ ቢሮ ጎራ ብዬ፣ ባለጡረታው ቢሞት ለሚስቱ በስንት ጊዜ እንደሚከፈላት ለጠቅላላ እውቀት ያህል ጠየቅሁ። ጸሐፊዋም «አባባ፣ በሦስት ዓመት ካገኘች ዕድለኛ ናት። የጋብቻ ወረቀት ከሌላትማ ይተዉት» አለችኝ። የሰውን ጋብቻ ስመዘግብ ኖሬ የራሴን አላስመዘገብኩም። ስለዚህ የጥሎሹን ከብት ከነዱት ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉትን ሁለቱን ጋብቻችንን መስክረው እንዲፈርሙ ጠራኋቸው።

ሲሚዩ «ላሞቹስ አይፈርሙም? አርባ ዓመት ተኝተህ ዛሬ ምን አጣደፈህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቀበቶዬን ለማጥበቅ አዲስ የበሳሁትን ቀዳዳ ሲያይ ግን ሳቁን ትቶ ወንበር አቀረበልኝ።

አንደኛው ሽማግሌ ፈረመ። ሁለተኛው ግን እኔንም እናትህንም ረስቶናል፤ ቢሮው ደግሞ ከሁለት ምስክር በታች አይቀበልም።

እንግዲህ ልጄ፣ የምመክርህ አጣሁ። ያንተ አሠሪ ነገ ሊያሰናብትህ ይችላል፤ የእኔው አያሰናብትም፣ ደጅ ያስጠናል። የትኛውንም ብትመርጥ ለእናትህ በየወሩ ጥቂት መላክ ከአሁኑ ልመድ። ለገና እመጣለሁ ብለሃል፤ ቢቻልህ በዚህ ወር ና።

አምላክ በሄድክበት ሁሉ ይጠብቅህ።

አባትህ ባራሳ