ዘለቀና የሐጂ ሞተር

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፬ ቀን ፲፱፻፴፪

ብዕሩን የያዘው ይሁኔ ነው፤ የልጄ የእናኑ ባል፣ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ እዚሁ መተማ የቀረ ዲያቆን። ቃሉ ግን የኔ የውቤ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ነገሩን ያመጣችው እናኑ ናት። «ግመሉ ከመሄዱ በፊት የሚሉትን ይበሉ፣ ይሁኔ ይጽፍልዎታል» አለችኝ። እንግዲህ ጻፍ።

ዘለቀ ቅዳሜ ይሄዳል። ዘለቀ ግመሌ ነው። በሰው ስም የጠራሁት ሲወለድ አይዘልቅም ስላሉኝ ነው። ዘለቀ። ይኸው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰሊጥ መጭመቂያዬን ያዞራል። ከግንድ የተፈለፈለ ትልቅ ሙቀጫ አለ፣ ውስጡ ዘነዘና አለ፣ ዘነዘናው ከረጅም እንጨት ጋር ታስሯል፣ እንጨቱን ዘለቀ እየጎተተ ይዞራል። ራሱን እንዳያዞረው ዐይኑን በጨርቅ እሸፍንለታለሁ። እኔ አንጎራጉራለሁ፣ እሱ ይሄዳል። ዝም ካልኩ ይቆማል። ሌላ ዘዴ የለም። በአለንጋ የሞከረውን ሰው ትከሻ ነክሶታል።

ክረምቱ እንደወጣ ሐጂ ኢድሪስ ገበያው ዳር ሞተር ተከለ። ዘለቀ ቀኑን ሙሉ የሚጨምቀውን ያ ሞተር ፀሐይ ሳይጠነክር ይጨርሰዋል። ሰው ሁሉ ወደዚያ ሄደ። ይሁኔም ፊደል ስለሚያውቅ የሞተሩ ጠባቂ ሆነ። ኋላ ሐጂና እኔ ቃል ተቀባበልን፦ እሱ ለይሁኔ ከሞተሩ ድርሻ ሊሰጠው፣ እኔ ዘለቀን ልሰጠው። ልጄ በግመል ፋንድያ ጢስ እንድታረጅ አልፈልግም።

ሐጂ ግመሉን ወደ ገዳሪፍ ለሚሻገሩ ነጋዴዎች ያሳልፈዋል። ለጭነት እንደማይፈልጉት አውቃለሁ፤ ሸምግሏል። ለምን እንደሚፈልጉት ይሁኔም ያውቃል። ይኸው ብዕሩን አቆመ። ጻፍ እንጂ!

ስለ ይሁኔም ይጻፍ። ሦስት ዓመት እዚህ ሲኖር ዘለቀን አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም። ደገኛ ነው፣ ግመል ርኩስ ነው ይላል። ሥጋውን አትብላ ተባልክ እንጂ ገመዱን አትያዝ ማን አለህ?

ረቡዕ

ሞተሩን ላየው ሄድኩ። ዘለቀን የሚያስለቅቀኝን ደኅና አድርጌ ልየው ብዬ ነው።

እንደ ታመመ በሬ ያጓራል። ይሸታል። ግን እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ዘይቱ ሲወርድ ያስደንቃል። ይሁኔ ቤንዚኑን በቆርቆሮ ለክቶ ሲያጠጣው የመጨረሻዋን ጠብታ እንኳ ያራግፍ ነበር። ለካስ ሊያልቅ ነው። ከጎንደር የሚያመጣው መኪና ከጭልጋ ወዲህ ካልመጣ ሰነበተ። መንገዱን ማን እንደዘጋው ሁሉም ያውቃል፤ ይሁኔ ግን እሱ አይጻፍ ይለኛል። ይሁን።

ሐጂን ጠየቅሁት፦ ቤንዚን ከየት ነው የሚመጣው? ከሩቅ አገር፣ ከመሬት ሆድ ተቆፍሮ፣ አለኝ። ሲያልቅስ? ሌላ ጉድጓድ ይቆፈራል። እሱስ ሲያልቅ? ሳቀ።

«አያ ውቤ፣ እርስዎና እኔ እስክናልቅ ይበቃል፣ ወላሂ።»

መልሱ አልጣመኝም። የኔን ነገርኩት። ዘለቀ ሰሊጥ ይጨምቃል። ዘይቱ ለሰው ነው። ከዘይቱ የተረፈውን ፋጉሎ እሱ ይበላል። ፋንድያው ደርቆ ምድጃ ይገባል። አመዱ ጓሮ ይደፋል፣ ጓሮው በክረምት ይለመልማል፣ እሱን ደግሞ ዘለቀ ሰርቆ ይበላል። ከጭልጋ የምንጠብቅለት ነገር የለም። እንጨቱንም ቢሆን ግራሩን ከጉልበት ከፍ አድርገህ ከቆረጥከው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከሥሩ የሚነቅለው ሞኝ ነው። የናንተ ግን የሚነቀል ብቻ ነው፣ የተቆፈረ ጉድጓድ አያቆጠቁጥም፣ አልኩት።

ስወጣ ግድግዳውን የሞላውን የዘይት ገንቦ አየሁ። «በዘይት ተከቦ የሚጠማ እንዲህ ያለ ፍጡር አላየሁም፤ ከራሱ አጠጡት እንጂ» አልኩ። ሐጂ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወረፋ የያዘውም ሳቀ። ይሁኔ አልሳቀም። አኩርፎ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ

ይህን የራሱን ጥፋት ይሁኔ በገዛ እጁ ይጽፋል።

ቤንዚኑ ረፋድ ላይ ሊያልቅ ሲል ይሁኔ የሰሊጥ ዘይት አጥልሎ ሞተሩ ውስጥ ጨመረ። ሐጂ መስጊድ ነበር። ሞተሩ መጀመሪያ ሄደ፣ ከዚያ ሳለ፣ ከዚያ ጥቁር ጢስ ተፋ፣ ከዚያ ዝም አለ። ቢያስነሱት ቢያስነሱት እምቢ።

ከሰል የሸጠ መስሎ ቤት ገባ። እናኑ መጀመሪያ ሳቀችበት፣ ፊቱን ስታይ ተወች።

ምን ሆነህ ነው ብለው፣ «እርስዎ አይደሉ ያሉት?» አለኝ።

ቀልድ ነበር፣ አልኩት።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘይት የጨመቀ ሰው በዘይት ይቀልዳል ብዬ አላሰብኩም፣ አባቴ።»

እውነት አለው። እኛው ቤት ላምባ ሲያልቅ ኩራዙ ውስጥ የሰሊጥ ዘይት ነው የምንጨምረው። ይበራል። እሱም ያንን ሲያይ ነው የከረመው። ኩራዝ የጠጣውን ሞተር ይጠጣል ብሎ አሰበ። እኔም ብሆን እሱ ቦታ ሆኜ አደርገው እንደነበር ለሱ አልነገርኩትም። አሁን ሰማው። አትሳቅ፣ ጻፍ።

ሐጂ ሞተሩን በጨርቅ ሸፍኖ ደጁን ዘጋ አሉ። ቢሰድበው ይሻለን ነበር።

ዓርብ

የነቢያት ጾም በሳምንቱ ይገባል። ሰው ሁሉ ዘይት ይፈልጋል። ሞተሩ ዝም ስላለ ሰሊጡን ተሸክሞ ወደኔ መጣ። ጠዋት ደጄ ላይ የተሰለፈውን ስቆጥር፦ ሁለት አህያ ጭነት፣ አራት ሴቶች ቅርጫት ይዘው፣ አንድ ቄስ፣ «ቀድሞም የርስዎ ዘይት ነበር የሚጣፍጠው» የሚል አንድ ውሸታም። ያ ውሸታም ሐጂ ጋ ረቡዕ ለታ ወረፋ ይዞ አይቼዋለሁ። የሱን መጨረሻ ላይ ጨመቅሁለት።

ደስ አለኝ? አዎ፣ አለኝ። ዘለቀም ደስ ብሎታል፣ ጆሮው ይናገራል። እንዲህ እያልኩ አዞርኩት፦

ዙር ዘለቀ ዙር፣ መንገዱ ባያልቅም፣
የምትሄድበት አገር ከዚህ አይርቅም።

ከሰዓት ላይ ግን ግጥሙ አፌ ውስጥ መረረኝ። ነገ ቅዳሜ ነው። የምትሄድበት አገር አይርቅም እያልኩ የምዋሸው ግመል ነገ ገዳሪፍ መንገድ ላይ ነው። ሞተሩ ተበላሸ ብዬ ቃሌን ባጥፍ፣ ሞተሩን ያበላሸው የኔው ምላስ ነው። ቃሌ ቃል ነው።

እናኑ ትንሽ ሳለች ጓንግ ወንዝ ሞልቶ በዘለቀ ጀርባ ነው ያሻገርኳት። ዛሬ አንገቱን ስታክለት አየኋት። ያየኋት አልመሰላትም።

ቅዳሜ

ድምፄ ጠፋ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሳንጎራጉር ውዬ ዛሬ እንደ ዛገ በር ነኝ። እናኑ ማር በሙቅ ውሃ ሰጠችኝ፣ ምንም።

ሙቀጫው ግማሽ ሰሊጥ ይዟል፣ ሰው ቆሟል፣ ዘለቀ ቆሟል። ሰዎቹ ተራ በተራ አንጎራጎሩለት። ጆሮውን እንኳ አላነሳም። ያ ውሸታምም ዘፈነ፤ ዘለቀ ሸናበት።

ያኔ ይሁኔ ነጠላውን አጣፋ። ያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴቶቹን የሚያስለቅስ ድምፅ አለው። ሦስት ዓመት ያልነካውን ገመድ በእጁ ያዘ፣ የኔን ግጥም አነሳ። የኔን! አንዲት ቃል ሳይስት። ለካ ሲሰማኝ ነው የኖረው። ዘለቀ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሄደ። ቄሱ ፊቱን አዞረ፤ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሐጂ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ብቻውን። ሰዉ ገለል አለለት፣ ይሁኔ ግን ማቆም ፈርቶ ቀጠለ። ጠጋ ብዬ በዚያች በተዘጋች ጉሮሮዬ የሆነውን ነገርኩት። ሞተርህን የገደለው እጅ የይሁኔ ነው፣ አፉ ግን የኔ ነው፤ ግመልህ ይኸው፣ ውሰደው፣ አልኩ።

ሐጂ ዘለቀ ሦስቴ እስኪዞር አየው።

«ቃልዎን ሞሉ፣ አያ ውቤ። ተረክቤያለሁ። ግመሉ የኔ ነው አይደል?»

ነው፣ አልኩ።

«እንግዲህ ግመሌን እዚሁ አስሬዋለሁ። መዓሌሽ፣ አይክፋችሁ፣ እኔ ድምፅ የለኝም፤ እናንተ አንጎራጉሩለት። የሰው ሰሊጥ እኔ ቤት ተከምሯል፣ ዛሬ እልከዋለሁ። ከመጭመቂያው ዋጋ ግማሹ የኔ ነው።»

መልስ ልሰጠው ነበር፣ ድምፅ አጣሁ። ድምፅ በማጣቴ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሰው ሁሉ ማሩ አልሠራለትም ብሎ ያስባል።

እሑድ

ዛሬ ዘለቀም አረፈ። ጨርቁን ከዐይኑ ፈትቼለት ወንዝ ዳር ውሎ መጣ።

ሐጂ ሞተሩን እየፈታ በላምባ ያጥበዋል አሉ። ይነሣ ይሆናል። መኪናውም አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል። ይሁኔ ጠዋት መንገድ መንገዱን ሲያይ አይቼዋለሁ፤ አልቆጣውም፣ ወጣት ዐይን መንገድ ማየት አለበት። ቤንዚን ሲኖር ሞተሩ ይጩኽ፣ ሳይኖር ዘለቀ ይዙር። ዘለቀም ዘላለም አይኖርም። ለዚህ ነው ዛሬ ከሐጂ ጋር ስለ አንዲት የግመል ጥጃ ያወራሁት። ስም እናኑ ታወጣለች።

ይሁኔ ገመዱን ከያዘ በኋላ እጁን ታጥቦ እንደሆነ ጠየቅሁት። ታጥቤያለሁ አለ። ሁለቴ? አንዴ፣ አለ። መልካም ነው።

በል እንግዲህ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። የሰደብኩህን እንዳትዘል። ያመሰገንኩህ ጋ ስትደርስ ደግሞ ቀስ በል፣ እናኑ ትስማው።